የእርግዝና የደም ልየታ ምርመራ፦ ውጤቱን ከማንበብ እስከ ክትትሉ

ብዙ እናቶች የደም ልየታ ውጤታቸውን ሲቀበሉ የሚነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ «ስጋትዎ ዝቅተኛ ነው»። አብዛኛውን ጊዜ ይህ አባባል የሚመለከተው ዳውን ሲንድሮምንና መሰል የክሮሞዞም ችግሮችን ብቻ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ፣ ስለ እንግዴ ልጅ የሚናገሩ ቁጥሮች አሉ። እንግዴ ልጅ ከማህፀን ግድግዳ ጋር በደንብ ካልተያያዘ፣ ከወራት በኋላ የደም ግፊት ሊነሳ፣ የጽንሱ እድገት ሊቀጭጭ ወይም ምጥ ያለጊዜው ሊመጣ ይችላል። ይህንን በ12ኛው ሳምንት ያወቀች እናት ለመከላከል ጊዜ አላት። በ30ኛው ሳምንት ያወቀች ግን የሚቀራት ክትትል ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ያስፈልጋል። እንዴት እንደሚነበብና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል እነሆ።

ደረጃ 1፦ የእርግዝናዎን ሳምንት በትክክል ያስወስኑ

ሳምንቱ ከተሳሳተ ውጤቱም ይሳሳታል። በደም ውስጥ የሚለኩት ንጥረ ነገሮች ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣሉ። ለምሳሌ ፓፕ-ኤ የሚባለው ከእንግዴ ልጅ የሚመነጭ ፕሮቲን በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት ይጨምራል። እርግዝናው 11 ሳምንት ሆኖ ሳለ ቅጹ ላይ 12 ሳምንት ተብሎ ከተሞላ፣ ጤናማው መጠን ዝቅ ያለ መስሎ ይወጣል። በሁለተኛው ሦስት ወር የሚለካው ኤኤፍፒ (ከጽንሱ የሚመነጭ ፕሮቲን) ደግሞ በየሳምንቱ 15 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ እርግዝናው ከተገመተው በላይ የገፋ ከሆነ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ ይታያል።

የመጨረሻው የወር አበባዎ የጀመረበትን ቀን ያስታውሱ፤ ግን በእሱ ላይ ብቻ አይመኩ። የወር አበባ ዑደት ከሴት ሴት ይለያያል፤ ጡት እያጠቡ ወይም የወሊድ መከላከያ ባቆሙ ሰሞን ከጸነሱ ደግሞ ስሌቱ ይበልጥ ይዛባል። አስተማማኙ መለኪያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው። ባለሙያው የጽንሱን ርዝመት ከራስ ቅሉ እስከ መቀመጫው ይለካል። ለመጀመሪያው ልየታ ይህ ርዝመት ከ45 እስከ 84 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ በሳምንት ሲሰላ ከ11 ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ማለት ነው። በዚያው አልትራሳውንድ ጽንሱ አንድ ይሁን መንታም ይታወቃል።

ደረጃ 2፦ የትኛው ምርመራ በየትኛው ሳምንት እንደሚሠራ ይወቁ

የመጀመሪያው ሦስት ወር ጥምር ልየታ ሦስት ነገሮችን ያገናኛል፦ ከደም የሚለኩትን ፓፕ-ኤ እና ነጻ ቤታ ኤችሲጂ (የእርግዝና ሆርሞን)፣ እንዲሁም በአልትራሳውንድ የሚለካውን ከጽንሱ ማጅራት ሥር ያለ ፈሳሽ ውፍረት። እነዚህ ከእናቲቱ ዕድሜ ጋር ተደምረው ይሰላሉ። ምርመራው ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው 10 ጽንሶች 8 ወይም 9 ያህሉን ይለያል፤ ችግሩ ከሌለባቸው እናቶች መካከልም ከ100 አምስት ያህሉን በስህተት «ከፍተኛ ስጋት» ይላቸዋል። ደሙን ከአልትራሳውንዱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ መስጠት ይቻላል።

ይህ ጊዜ ካለፈ ከ15ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ድረስ የአራትዮሽ ልየታ አለ። ኤኤፍፒ፣ ኤችሲጂ፣ እንዲሁም ኢስትሪዮልና ኢንሂቢን-ኤ የተባሉ ሆርሞኖች ይለካሉ። ዳውን ሲንድሮምን በመለየት ከመጀመሪያው በመጠኑ ያንሳል፤ ሆኖም የጀርባ አጥንት ክፍተትን (ስፓይና ቢፊዳን) ለመጠርጠር የሚረዳውን ኤኤፍፒን የያዘው እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚሠራው፣ በእናት ደም ውስጥ የሚንሳፈፍ የጽንስ ዲኤንኤ ምርመራ ነው። ይህ ዲኤንኤ በእናት ደም ውስጥ መኖሩን ተመራማሪው ዴኒስ ሎ እና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ለዳውን ሲንድሮም ከሁሉም የደም ልየታዎች የላቀ ነው፤ ከ100 ጽንሶች 99 ያህሉን ይይዛል። ነገር ግን ዲኤንኤው የሚመጣው በአብዛኛው ከእንግዴ ልጅ እንጂ ከጽንሱ ገላ አይደለም። ስለዚህ ይህም ልየታ ነው፤ ማረጋገጫ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማለት እፈልጋለሁ። የዲኤንኤው ምርመራ ውድና ዘመናዊ በመሆኑ፣ እሱን ያሠራች እናት ሌላ ምንም የማያስፈልጋት ይመስላታል። ይህ ምርመራ ግን ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ጽንሱ እድገት መቀጨጭ ወይም ስለ ጀርባ አጥንት ክፍተት የሚናገር አይደለም። እሱን ብቻ ከመረጡ ፓፕ-ኤ እና ኤኤፍፒ ሳይለኩ ያልፋሉ። እንዲህ ከሆነ ሐኪምዎን «የእርግዝና ደም ግፊት ስጋቴ በምን ይገመገማል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት የሚደረገውን የጽንሱን አካላት ዝርዝር አልትራሳውንድም አይዝለሉ።

ደረጃ 3፦ ደም ከመስጠትዎ በፊት ቅጹን በትክክል ያስሞሉ

ጾሞ መምጣት አያስፈልግም፤ የሚወሰደውም ከክንድ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ነው። ዋናው ሥራ ቅጹ ላይ ነው። ላቦራቶሪው መጠኑን የሚያስተካክለው በተነገረው መረጃ ነውና የሚከተሉትን ሳይደብቁ ይናገሩ።

ክብደትዎ በዚያው ቀን ይመዘን። የሰውነት ክብደት ሲጨምር የደም መጠንም ስለሚጨምር ንጥረ ነገሮቹ ቀጥነው ይታያሉ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ይናገሩ፤ ማጨስ ፓፕ-ኤን ዝቅ ያደርጋል። በላቦራቶሪ በተደረገ ማዳቀል የተገኘ እርግዝና ከሆነም እንዲሁ። እንቁላሉ ከሌላ ሴት የተለገሰ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ የሚሠራው በለጋሿ ዕድሜ ነው። መንታ፣ ወይም መንታ ሆኖ ጀምሮ አንዱ የቀረበት እርግዝና መሆኑ መታወቅ አለበት። ከእርግዝና በፊት የነበረ ስኳር በሽታ፣ በቅርቡ የታየ ደም መፍሰስ፣ በፊት በክሮሞዞም ችግር የተወለደ ልጅም እንዲሁ። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲን የበዛበት እንክብል አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ስለሚያዛባ እሱንም ይጥቀሱ።

ደረጃ 4፦ ውጤቱን መስመር በመስመር ያንብቡ

ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይይዛል። የመጀመሪያው «1 ለ...» የሚለው ነው። 1 ለ 200 ማለት ተመሳሳይ ውጤት ካላቸው 200 እናቶች አንዷ ብቻ ችግሩ ያለበት ጽንስ ይዛለች፤ 199ኙ አልያዙም ማለት ነው። ከ«1 ለ» በኋላ ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን ስጋቱ ይቀንሳል። ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚለየው መስመር እንደየአገሩ ይለያያል፤ አንዳንዱ 1 ለ 150 ላይ፣ ሌላው 1 ለ 300 አካባቢ ያሰምራል። ስለዚህ 1 ለ 220 የወጣላት ሴት በአንዱ ቦታ «ከፍተኛ»፣ በሌላው «ዝቅተኛ» ልትባል ትችላለች። ቃሉን ትተው ቁጥሩን ይያዙ። ለማነጻጸር ያህል፣ በዕድሜ ብቻ ሲታይ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ20 ዓመት 1 ለ 1500 ገደማ፣ በ35 ዓመት 1 ለ 350 ገደማ፣ በ40 ዓመት 1 ለ 100 ገደማ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር «ሞም» የሚባለው ነው። በእርስዎ ሳምንት ላይ ካሉ እናቶች መካከለኛው መጠን 1.0 ተብሎ ይወሰድና የእርስዎ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። 0.5 ማለት የመካከለኛው ግማሽ፣ 2.0 ማለት እጥፍ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የ31 ዓመት ሴት፣ 12 ሳምንት ከ3 ቀን፣ አንድ ጽንስ። ዳውን ሲንድሮም፦ 1 ለ 3,000። ነጻ ቤታ ኤችሲጂ፦ 0.9 ሞም። ፓፕ-ኤ፦ 0.32 ሞም። ወረቀቱ ከላይ በትልቁ «ዝቅተኛ ስጋት» ይላል። የክሮሞዞሙ ነገር በእርግጥም አያሳስብም። 0.32 ግን ከመካከለኛው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። 0.4 ሞም አካባቢና ከዚያ በታች የሆነ ፓፕ-ኤ፣ በተለይ የክሮሞዞም ችግር ከሌለ፣ ወደ እንግዴ ልጅ እንድንመለከት ያደርጋል። ይህች ሴት ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ብታስቀምጥና ማንም ሁለተኛ ባያየው፣ የሚቀርባት ነገር ቀላል አይደለም።

የሌሎቹም ንጥረ ነገሮች ትርጉም ተመሳሳይ አካሄድ አለው። ኤኤፍፒ ከ2.0 ወይም ከ2.5 ሞም በላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሳምንት ስህተት፣ መንታ፣ የጀርባ አጥንት ክፍተት ወይም የጽንሱ ሆድ ግድግዳ ክፍተት ነው። አልትራሳውንዱ እነዚህን ሁሉ ካስወገደና ኤኤፍፒው አሁንም ምክንያት ካጣ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚነሳ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም)፣ የእድገት መቀጨጭ፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅና ጽንሱ ማህፀን ውስጥ የመሞት ስጋት ከወትሮው ከፍ ይላል። በአራትዮሹ ልየታ ኤችሲጂና ኢንሂቢን-ኤ በጣም ከፍ ማለታቸውም ከፕሪኤክላምፕሲያ ጋር ይያያዛል። ከአንድ በላይ ንጥረ ነገር አብሮ ከተዛባ ክትትሉ ይበልጥ ይጠናከራል።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ አንድ ሐቅ አብሮ ይያዝ፦ ፓፕ-ኤ ዝቅ ያለባቸው አብዛኞቹ እናቶች ጤነኛ ልጅ በጊዜው ይወልዳሉ። ቁጥሩ በሽታ አይደለም። ዓይንን ከፍቶ መከታተል የሚገባውን እርግዝና የሚለይ ነው።

ደረጃ 5፦ የክሮሞዞሙ ስጋት ከፍ ካለ

ያንኑ የደም ልየታ ደጋግሞ ማሠራት ግራ ከማጋባት በቀር አይጠቅምም። መጀመሪያ ሳምንቱና ቅጹ ላይ የተሞላው መረጃ ትክክል መሆኑን ያስመርምሩ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የዲኤንኤ ምርመራውን እንደ ሁለተኛ ማጣሪያ መጠቀም ነው። ሌላው በቀጥታ ማረጋገጫ ማሠራት ነው፦ ከ11ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት ከእንግዴ ልጅ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል፣ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ የእንሽርት ውሃ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን መርፌ የሚሠሩ ናቸው፤ ልምድ ባለው እጅ በምርመራው ምክንያት ጽንስ የመውረድ ዕድሉ ከ200 ከአንድ ያነሰ ነው። ማሠራትም አለማሠራትም የእናቲቱ ምርጫ ነው፤ ማንም ሊያስገድዳት አይገባም። የዲኤንኤ ውጤቱ «አልወጣም» ከተባለ ግን እንደ ተራ ነገር አይለፍ። አንዳንዴ ምክንያቱ የእናት ክብደት ወይም ናሙናው በጣም ቀደም ብሎ መወሰዱ ነው፤ አንዳንዴ ግን ራሱ ከክሮሞዞም ችግር ጋር ይያያዛል።

ደረጃ 6፦ የእንግዴ ልጁ ቁጥሮች ከተዛቡ እቅድ ይያዙ

በእኔ አስተያየት የዚህ ሁሉ ምርመራ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፤ ከሁሉ በላይ ችላ የሚባለውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሌሎቹን ምልክቶች ይደምሩ። ቀድሞ ፕሪኤክላምፕሲያ ይዞዎት ያውቃል? ከእርግዝና በፊት የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የኩላሊት በሽታ ወይም ሉፐስ ነበረብዎ? መንታ ነው? ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ስጋቱን ከፍ ያደርጋል። የመጀመሪያ እርግዝና፣ ከ35 ዓመት በላይ መሆን፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ እናት ወይም እህት ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባት መሆኗ ደግሞ መካከለኛ ምልክቶች ናቸው፤ ሁለት ሲሆኑ ይቆጠራሉ። ዝቅተኛ ፓፕ-ኤን ብቻውን ሳይሆን ከእነዚህ ጋር አድርገው ለሐኪምዎ ያቅርቡ።

የፕሪኤክላምፕሲያ ልየታ በሚሠራበት ቦታ ከ11ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት አራት ነገሮች ይዋሃዳሉ፦ የእናቲቱ ታሪክ፣ አማካይ የደም ግፊት፣ ወደ ማህፀን ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ለደም ፍሰት ያላቸው ተቃውሞ (የደም ፍሰትን በሚያሳይ ዶፕለር አልትራሳውንድ የሚለካ)፣ እና ፒኤልጂኤፍ የሚባለው የእንግዴ ልጅ ፕሮቲን። አማካይ ግፊቱን ራስዎ ማስላት ይችላሉ፤ የታችኛውን ቁጥር በሁለት ያባዙ፣ የላይኛውን ይደምሩ፣ ለሦስት ያካፍሉ። 120/80 ከሆነ 93 ገደማ ይመጣል። ሲለኩ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ያርፉ፤ ጀርባዎን ይደግፉ፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት ያስይዙ፣ ክንድዎን በልብ ትክክል ያሳርፉ፣ በሚለኩበት ጊዜ አያውሩ። ለክንድዎ የጠበበ መጠቅለያ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ልኩን ያስቀይሩ።

ከዚያ የክትትሉን ቀን ያስይዙ። በየቀጠሮው ግፊትና የሽንት ፕሮቲን ይታይ። ከ20ኛው እስከ 24ኛው ሳምንት የማህፀን ቧንቧዎች ዶፕለር ቢደገም ጥሩ ነው። ከ26ኛው ወይም ከ28ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ የጽንሱ እድገት በየጥቂት ሳምንቱ በአልትራሳውንድ ይለካ። አንድ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሁለትና ሦስት ልኬት ተያይዞ ሲታይ ነው ጽንሱ በራሱ መስመር እያደገ ወይም እየቀረ መሆኑ የሚታወቀው። የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ ለማቆም እርዳታ ይጠይቁ።

ከ24ኛው ሳምንት በኋላ ፕሪኤክላምፕሲያ ከተጠረጠረ፣ ኤስፍልት-1 የሚባለው ፕሮቲን ከፒኤልጂኤፍ ጋር ያለው ንጽጽር ከደም ይለካል። ንጽጽሩ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ውስጥ በሽታው የመምጣቱ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው፤ እናቲቱ ቤቷ መሄድ ትችል እንደሆነ ግን ሐኪሟ ግፊቷንና ምልክቶቿን አይቶ ይወስናል።

ደረጃ 7፦ ስለ አስፕሪን በጊዜው ይጠይቁ

በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው «አስፕሬ» በተባለ ጥናት፣ በልየታ ከፍተኛ ስጋት የተገኘባቸው እናቶች ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ጀምረው እስከ 36ኛው ሳምንት ማታ ማታ 150 ሚሊ ግራም አስፕሪን ወሰዱ። ከ37ኛው ሳምንት በፊት ለመውለድ የሚያስገድደው ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። በጊዜው ሲደርስ የሚመጣውን ፕሪኤክላምፕሲያ ግን ያን ያህል አልቀነሰም። የዓለም ጤና ድርጅት 75 ሚሊ ግራም ይመክራል፤ ሌሎች መመሪያዎች 81፣ 100 ወይም 150 ይላሉ።

ወሳኙ ጊዜው ነው። እንግዴ ልጅ ሥር የሚሰድበት ወቅት ስለሚያልፍ ከ16ኛው ሳምንት በፊት መጀመር ይመረጣል። ውጤትዎ በ13ኛው ሳምንት ወጥቶ ቀጠሮዎ በ20ኛው ከሆነ ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ ቀድመው ይሂዱ። ሆኖም በራስዎ ፈቃድ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይጀምሩ። የጨጓራ ቁስለት፣ የደም መርጋት ጉድለት፣ ለአስፕሪን አለርጂ ወይም በእሱ የሚነሳ አስም ያለባት ሴት ልትወስደው አይገባም። በምግብ ካልሲየም በብዛት ለማያገኙ እናቶች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም ለዚሁ መከላከያ ይመክራል።

ደረጃ 8፦ የተለመዱትን የደም ምርመራዎች አይርሱ

ሄሞግሎቢን ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች የደም ማነስ ነው (በሁለተኛው ሦስት ወር መስመሩ 10.5 ነው)። የደም ዓይነትዎ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ለሾተላይ መከላከያ የሚሰጠው መርፌ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ቂጥኝ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይመረመሩ፤ ሦስቱም በጊዜ ከታወቁ ወደ ልጁ እንዳይተላለፉ ማድረግ ይቻላል። የእርግዝና ስኳር ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት በ75 ግራም ግሉኮስ ይፈተሻል። ለዚህኛው መጾም ያስፈልጋል። በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ላይ የደረሰ አንድ ቁጥር እንኳ የእርግዝና ስኳር አለ ለማለት ይበቃል።

ደረጃ 9፦ የአደጋ ምልክቶችን ለቤተሰብም ያሳውቁ

ዝቅተኛ ስጋት የተባለች እናትም ፕሪኤክላምፕሲያ ሊይዛት ይችላል። በማስታገሻ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ያለ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም መፍሰስ፣ የውሃ መፍሰስ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፦ ከእነዚህ አንዱ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ግፊት 140/90 ከደረሰ በዚያው ቀን ይታዩ፤ 160/110 ከደረሰ አንድ ደቂቃ አይባክን። እነዚህን ምልክቶች ባለቤትዎ ወይም አብሮዎት የሚኖር ሰውም ይወቃቸው፤ በከባድ ራስ ምታት ውስጥ ያለች ሴት ለራሷ ለመወሰን ልትቸገር ትችላለችና።

ፕሪኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግፊትዎ ይለካ፤ ራስ ምታቱ «የድካም ነው» ተብሎ አይታለፍ። የልየታ ወረቀትዎን፣ የአልትራሳውንድ ልኬቶቹንና የግፊት መዝገብዎን በአንድ ፋይል አድርገው ወደ መውለጃ ቦታው ይዘው ይሂዱ። ዳግመኛ ሲጸንሱ ያንኑ ፋይል በመጀመሪያው ቀጠሮ ያቅርቡ፤ የሚቀጥለው እርግዝና አስፕሪን ያስፈልገው እንደሆነ በ12ኛው ሳምንት የሚወሰነው ከዚያ በሚገኘው መረጃ ነው።